ሳይዘምት የቀረው ሄሊኮፕተር

አድናቂ፦ ጋሼ፣ የአሜሪካ ምድር ጦር ኮማንቺን የሰረዘበትን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ይቆጨኛል። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2004 ነበር። ጦሩ በዚያ ቀን የጣለው አንድ ሄሊኮፕተር ብቻ አይደለም፤ ጠላትን ቀድሞ የማየት ዕድሉንም ጭምር ነው። ይኸው ሃያ ዓመት አለፈው፣ በቦታው የተተካ ሌላ ቃኚ ሄሊኮፕተር የለም።

ተጠራጣሪ፦ ለእኔ ደግሞ ያ ቀን ጦሩ እውነቱን የተቀበለበት ቀን ነው። ከቁጭቱ በፊት ሂሳቡን እንይ፤ ዓመቶቹንም እንዳልከው በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንያዛቸው። ዕቅዱ የተጠነሰሰው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያኔ ስሙ ኤልኤችኤክስ ነበር፤ ቀለል ያለ ሄሊኮፕተር ሆኖ ያረጁትን ሁሉ ሊተካ፣ 5,000 ያህልም ሊሠራ ታስቦ ነበር። ቁጥሩ እየወረደ ወደ 1,300 ገደማ መጣ፤ በ2002 ደግሞ 650 ላይ ደረሰ። እስከተሰረዘበት ቀን ድረስ 6.9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል። በእጅ የቀረው ሁለት የሙከራ ሄሊኮፕተር ነው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

አድናቂ፦ የቁጥሩን መውረድ በማሽኑ ላይ አይጻፉበት። 5,000 ይሁን ወይም 650 ብለው የወሰኑት መሐንዲሶቹ አይደሉም፤ በጀት የሚመድቡት ናቸው። የምርምሩ ወጪ ያው ነው፤ ወጪው የሚከፋፈልበት ሄሊኮፕተር ባነሰ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይንራል። ዋጋው ሲንር «ውድ ሆነ» ይባልና ቁጥሩ እንደገና ይቀነሳል። አንቀው ከያዙት በኋላ ትንፋሽ አጠረው ብሎ መክሰስ ፍርድ አይሆንም።

ተጠራጣሪ፦ በጀት ቆራጮቹ እጃቸው እንዳለበት አልክድም። ማነቂያውን ያቀበላቸው ግን ጦሩ ራሱ ነው። ቃኚ ይሁን አለ፤ ተዋጊም ይሁን አለ። ከራዳር ይሰወር፣ በሌሊትም በክፉ አየርም ይብረር፣ ታንክ የሚመታ ሚሳኤል ይሸከም፣ አውሮፕላን የሚመታም ይጨመርለት አለ። ክብደቱ ከታሰበው እያለፈ ሄደ፤ የኮንግረሱ የሂሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ደጋግሞ አስጠነቀቀ። ውሉ ለቦይንግና ለሲኮርስኪ የተሰጠው ኤፕሪል 1991 ነው። የመጀመሪያው የሙከራ ሄሊኮፕተር ከመሬት የተነሣው በጃንዋሪ 1996፣ ሁለተኛው በ1999 ነው። የጊዜ ሰሌዳው ስንት ጊዜ ፈርሶ እንደተሠራ አንተም ታውቃለህ።

አድናቂ፦ አውቃለሁ። ነገር ግን ማሽኑን ቀረብ ብለው ቢያዩት «ለምን ቆየ?» ሲሉ አይጠይቁም ነበር። ሚሳኤሎቹ እንደ ሌሎቹ ሄሊኮፕተሮች በውጭ አልተንጠለጠሉም። በግራና በቀኝ በሚከፈቱ በሮች ውስጠኛ ገጽ ላይ ታስረው ነው የሚጓዙት፤ ሲተኮስ በሩ ይከፈታል፣ ሚሳኤሉ ይወጣል፣ በሩ መልሶ ይዘጋል። ከአፍንጫው ሥር ያለው ባለ ሦስት አፈሙዝ 20 ሚሊሜትር መድፍ ሥራ ከሌለው ወደ ኋላ ዞሮ ሽፋኑ ውስጥ ይገባል። ጎማዎቹ ይታጠፋሉ። የሞተሩ ትኩስ ጭስ በቀጥታ ወደ ኋላ አይወጣም፤ ከቀዝቃዛ አየር ጋር ተቀላቅሎ በጅራቱ ርዝመት በተዘረጉ ጠባብ ክፍተቶች ወደ ታች ይለቀቃል፤ ሙቀት እየተከተለ የሚመታ ሚሳኤል የሚይዘው እንዲያጣ። የኋላው ማራገቢያ በጅራቱ ውስጥ ተከድኗል፤ ድምፁም ይቀንሳል፣ ቅርንጫፍም አይነካውም። እያንዳንዱ ነገር የተሠራው ሁለቱ አብራሪዎች በሰላም ሄደው በሰላም እንዲመለሱ ነው። ሰው በአምስት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም።

ተጠራጣሪ፦ ውበቱን አልነፈግኩትም። እኔ የምጠይቀው ለየትኛው ጦርነት ነው ብዬ ነው። ይህ ሁሉ የታሰበው ጀርመን ምድር ላይ ለሚጠበቅ ውጊያ ነው፤ ከምሥራቅ በኩል በሺህ የሚቆጠሩ የሶቪየት ታንኮች ሲመጡ፣ በራዳርና በፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል በታጠረ ሰማይ ሥር ተሹለክልኮ ገብቶ እንዲያያቸው። ውሉ የተፈረመው በኤፕሪል 1991 ነው አልኩህ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ገንዘብ የፈሰሰው ለሌለ ጠላት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል።

አድናቂ፦ ጠላት ይለዋወጣል፤ የጦር መሪ ጥያቄ ግን አይለወጥም። ከዚያ ኮረብታ ጀርባ ምን አለ? ድልድዩ ላይ የሚጠብቀኝ ማነው? ይህ ጥያቄ በጀርመንም አለ፣ በኢራቅም አለ፣ በአፍጋኒስታንም አለ። ቃኚ የሚያስፈልገው ሶቪየት ስላለች አይደለም፤ እግረኛ ወታደር ስላለ ነው። ደግሞም ሶቪየት ስትፈርስ የሠራቻቸው ራዳሮችና ሚሳኤሎች አብረው አልጠፉም። በየሀገሩ ተሸጠው በየሀገሩ ቆመዋል።

ተጠራጣሪ፦ እንግዲያው ኢራቅ እንሂድ። ማርች 23 ለ24 አጥቢያ፣ 2003። ከ30 የሚበልጡ አፓቼ ሄሊኮፕተሮች በካርባላ አካባቢ ያለውን የሜዲና ክፍለ ጦር ሊመቱ በሌሊት ተነሡ። የጠበቃቸው የተራቀቀ ራዳር አልነበረም። ከየቤቱ ጣሪያና ከየጓሮው በጠመንጃ፣ በመትረየስና በቀላል ፀረ አውሮፕላን መድፍ ተኮሱባቸው። አንዱ ወደቀ፤ ሁለት አብራሪዎቹ ተማረኩ። ከተመለሱት አብዛኞቹ በጥይት ተበሳስተው ነው የተመለሱት። እነዚያ አፓቼዎች ብረት የለበሱ፣ በጊዜው ከዓለም ምርጥ የሚባሉ ነበሩ። ኮማንቺ ከእነሱ ቀለል ያለ ነው። ከራዳር መሰወሩ በክላሽንኮቭ ፊት ምን ይጠቅመዋል? ክላሽንኮቭ ራዳር የለውም፤ የሚያልመው በዓይንና በጆሮ ነው።

አድናቂ፦ ካርባላ የእርስዎን ሳይሆን የእኔን ነገር ነው የሚያስረዳው። እነዚያ አብራሪዎች ከፊታቸው ምን እንዳለ ሳያውቁ ነው ወደ መንደሩ የገቡት። ቀድሞ ሄዶ ጣሪያ ላይ የተቀመጡትን የሚያይ፣ «በዚህ በኩል አትምጡ» የሚል ቃኚ አልነበራቸውም። ኮማንቺ አፓቼን ተክቶ እንዲመታ አልተሠራም፤ አፓቼ ከመምታቱ በፊት እንዲያይለት ነው። ከሩቅ የሚያይ መሣሪያ ነበረው፤ ያየውንም ወዲያው ለሌሎቹ እንዲያስተላልፍ ታስቦ ነው የተሠራው። በራዳር ጉዳይ ብቻ ካየነው እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ግን ድምፁም እንዲቀንስ የተደከመበት ለዚያ ጆሮ ሲባል ነው።

ተጠራጣሪ፦ ካየው እኮ መታየቱ አይቀርም። ሄሊኮፕተር ቀስ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ ነው የሚቃኘው። ከተማ ውስጥ በእያንዳንዱ መስኮት ዓይን አለ። ጠባቂ ሆኖ የሚቀመጠው ልጅ ስልክ ካለው ራዳር አያስፈልገውም። ይህ ግን ገና ቀላሉ ክርክሬ ነው። ከበድ ያለውን ልንገርህ። ኖቬምበር 2 ቀን 2003 በፋሉጃ አቅራቢያ አንድ ቺኑክ ሄሊኮፕተር በትከሻ በሚተኮስ ሚሳኤል ተመትቶ 16 ወታደሮች ሞቱ። ከጥቂት ወር በኋላ የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ፒተር ሹሜከርና ባልደረቦቹ ፊታቸው ሁለት መንገድ ነበር። እስከ 2011 ለኮማንቺ የተያዘው 14.6 ቢሊዮን ዶላር ነው። በዚያ ገንዘብ 121 ኮማንቺ ይገዛል። አለዚያም በዚያው ገንዘብ ወደ 800 የሚጠጉ አዳዲስ ሄሊኮፕተሮች ተገዝተው፣ 1,400 ያህል ነባሮቹ ታድሰው፣ በየቀኑ ለሚበሩትም የሚሳኤል መከላከያ ይገጠምላቸዋል። አንተ በቦታው ብትሆን የትኛውን ትፈርም ነበር?

አድናቂ፦ ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ አቅልዬ አላልፈውም። የቺኑኩ ወታደሮች ወላጅ ብሆን እኔም ሁለተኛውን እፈርም ነበር። ግን ሰነዱ ላይ ያልተጻፈ ሦስተኛ ወገን አለ። እነሱ የካይዋ አብራሪዎች ናቸው። ኦኤች-58 ካይዋ ኮማንቺ ሊተካው የነበረ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ ቃኚ ሄሊኮፕተር ነው። ኮማንቺ ሲሰረዝ ኢራቅና አፍጋኒስታን ውስጥ መቃኘቱን የቀጠሉት በእሱ ነው። ክብደት ለመቀነስና ወደ ታች ለማየት በሩን ነቅለው ነበር የሚበሩት። የሄሊኮፕተሩ መሣሪያ የማይመች ሲሆን ረዳቱ የራሱን ጠመንጃ በተከፈተው በር አውጥቶ ይተኩስ ነበር። በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን፣ በዓለም ትልቁ የመከላከያ በጀት ባለው ጦር ውስጥ! የስረዛው ሂሳብ ሲሠራ የእነዚህ ሰዎች ስጋት በየትኛው መስመር ላይ ተጻፈ?

ተጠራጣሪ፦ ያንን ድፍረታቸውን የማያከብር ሰው የለም። ስጋታቸውን ግን በስረዛው ላይ ልትጭን አትችልም። ኮማንቺ ቢቀጥል እንኳ የመጀመሪያው ክፍል ለግዳጅ ዝግጁ የሚሆነው በ2009 ነበር፤ ያውም ሰሌዳው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይንሸራተት። የኢራቁ ከባድ ጊዜ ያለፈው ከዚያ በፊት ነው። የካይዋ አብራሪ በ2004፣ በ2005፣ በ2006 ያንኑ በር የሌለውን ሄሊኮፕተር ነበር የሚያበረው።

አድናቂ፦ 2009 ከረፈደ በኋላ ይመስልዎታል? አፍጋኒስታን ውስጥ ውጊያው የጋመው ያኔ ነው። ጦርነቱ ያለቀው በ2021 ነው። ካይዋ ጡረታ ወጥቶ ያለቀው በ2017 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ረጅም ዕድሜ ነው ጋሼ። «ይዘገያል» ብለን የጣልነው ነገር ቢኖር ኖሮ በጊዜው ይደርስ ነበር።

ተጠራጣሪ፦ ቢደርስስ? ታሊባን ራዳር አልነበረውም። ከራዳር ለመሰወር የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ፣ የሚከፈተው በር፣ የሚታጠፈው መድፍ፣ እዚያ ተራራ ላይ ሸክም ነው። ካይዋ የተወደደው ርካሽና ቀላል ስለሆነ ነው፤ ጠዋት ተመትቶ ከሰዓት ይጠገናል። የኮማንቺ ገላ ከተራቀቀ ቁስ የተሠራ ነው፤ አንድ ቀዳዳ ሲደፈን እንኳ ከራዳር መሰወሩ እንዳይበላሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዛዡ እንዲህ ያለ ውድ ነገር ወደ ሸለቆ ሲልክ እጁ ይንቀጠቀጣል። ውድ መሣሪያ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በጠላት አይደለም፤ እንዳይጠፋ ተብሎ ሳይላክ በመቅረቱ ነው።

አድናቂ፦ ይህንን ነጥብ እይዘዋለሁ። ቢሆንም «በእጅ የቀረው ሁለት የሙከራ ሄሊኮፕተር ነው» ያሉትን ልመልስ። ቱርክ የምትሠራው ቲ129 አታክ የሚባለው ተዋጊ ሄሊኮፕተር በምን ሞተር እንደሚበር ያውቃሉ? ሞተሩ ሲቲኤስ800 ይባላል፤ ለኮማንቺ ተብሎ ከተሠራው ቲ800 የወጣ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይልና ምድር ጦር የሚበሩበት ዋይልድካትም የሚነሣው በዚሁ ሞተር ነው። ለኮማንቺ የተደከመበት የሌሊት ማያ መሣሪያ ዕውቀትም ወደ አፓቼ ተሻግሯል፤ አፓቼ ዛሬ በጨለማ የሚያይበት ዓይን ከዚያ ሥራ ተጠቅሟል። ዕቅዱ ሞተ እንጂ ዕውቀቱ አልሞተም። 6.9 ቢሊዮኑ እሳት ውስጥ እንደተጣለ አድርገው አይቁጠሩት።

ተጠራጣሪ፦ ሞተሩ ስለተረፈ ሄሊኮፕተሩ ትክክል ነበር ማለት አይቻልም። ሞተር ቢፈለግ ሞተር ይሠራ ነበር፤ ለዚያ ሙሉ ሄሊኮፕተር አያስፈልግም። የዚያን ሞተር ታሪክ እስከ መጨረሻው ተከተለው ደግሞ። ፓኪስታን በ2018 ከቱርክ 30 ቲ129 ለመግዛት ተስማማች። ሞተሩ ውስጥ የአሜሪካ ድርሻ ስላለበት ያለ ዋሽንግተን ፈቃድ አይሸጥም፤ ፈቃዱ አልመጣም፤ ግዢው ቀረ። ስለዚህ የኮማንቺ ሞተር ያወረሰው ዕውቀት ብቻ አይደለም። አንድ ሀገር «የራሴ» የምትለውን ሄሊኮፕተር ለማን እንደምትሸጥ ሌላው የሚወስንበትን ገመድም አውርሷል። ቱርክ ይህን አይታ የራሷን ሞተር ለመሥራት ተነሣች። ውርስ ስትል ይህንንም ቁጠረው።

አድናቂ፦ እቆጥረዋለሁ። አሁን ግን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ መሰረዝን በራሱ አልቃወምም። ከኮማንቺ 32 ዓመት በፊት ይኸው ጦር ሸየንን ሰርዟል። የሎክሂድ ሥራ ነው። ከኋላ በሚገፋ ተጨማሪ ፕሮፔለር በሰዓት ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ የሚከንፍ፣ በ1967 የበረረ፣ ከዘመኑ በጣም የቀደመ ሄሊኮፕተር ነበር። በ1969 አንዱ ተከስክሶ አብራሪው ሞተ፤ 375 ሄሊኮፕተር የማምረት ውሉም በዚያው ዓመት ተቋረጠ። በኦገስት 1972 ዕቅዱ ጨርሶ ተዘጋ። በዚያ አልቆጭም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት?

ተጠራጣሪ፦ እኔው ልንገርህ። ሸየን ስለሞተ አፓቼ ተወለደ። ጦሩ ፍጥነት ላይ የነበረውን ሙጭጭታ ተወው። ዝግ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ የሚበር፣ አንዱ ሞተር ቢመታ በሌላው የሚመለስ፣ በሌሊት የሚዋጋ ሄሊኮፕተር ይሠራልኝ አለ። በ1976 የሂዩዝ ኩባንያ ንድፍ አሸነፈ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሲከፈት የኢራቅን የራዳር ጣቢያዎች መትተው ለአውሮፕላኖቹ መንገድ የከፈቱት አፓቼዎች ናቸው። አየህ፣ ታሪክ ለእኔ ነው የሚመሰክረው፤ መሰረዝ የተሻለ ነገር ይወልዳል።

አድናቂ፦ ጋሼ፣ ምስክሩን ለእኔ ነው ያመጡልኝ። ሸየን ሲሰረዝ ጦሩ በዚያው ዓመት ቁጭ ብሎ የሚያስፈልገውን እንደ አዲስ ጻፈ። የጎደለው ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ኮማንቺ ሲሰረዝስ? ገንዘቡ ተከፋፈለ እንጂ ጥያቄው አልተመለሰም። በ2005 ኤአርኤች-70 የሚባል ሌላ ቃኚ ተጀመረ፤ ዋጋው ከታሰበው ከ40 በመቶ በላይ ስላሻቀበ በ2008 ተሰረዘ። ቀጥሎ ሌላ ፍለጋ ተጀመረ፤ በ2013 ቆመ። በ2018 ደግሞ ፋራ የሚባለው መጣ። ቤልና ሲኮርስኪ ተወዳደሩ፤ የቤልን ንድፍ ያየ ሰው ኮማንቺን ማስታወሱ አይቀርም። 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት። በፌብሩዋሪ 2024 እሱም ተሰረዘ፤ ሁለቱም ናሙናዎች ሳይበሩ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቤቱን ቢያፈርስ ሊያሳምር ነው ይባላል፤ በየአሥር ዓመቱ መሠረት እየቆፈረ የሚተው ከሆነ ግን መኖሪያ የለውም። የኮማንቺ ውርስ ይህ ነው እላለሁ፤ ጦሩ መሰረዝን ተማረ፣ መጨረስን ረሳ።

ተጠራጣሪ፦ ያንኑ ታሪክ በሌላ በኩል አንብበው። አንድ ጊዜ ሲከሽፍ የአሠሪው ጥፋት ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በተለያዩ ጄኔራሎች፣ በተለያዩ ኩባንያዎች፣ በተለያዩ ንድፎች ሲከሽፍ ግን ጥያቄው ራሱ አርጅቷል ማለት ነው። ሰው ተሳፍሮ በሄሊኮፕተር መቃኘት ዘመኑ አልፏል። ጦሩ ፋራን ሲሰርዝ ምክንያቱን በግልጽ ተናግሯል፤ ዩክሬን ውስጥ ያየው ነገር የአየር ቅኝትን ከመሠረቱ እንደለወጠው። ከኮረብታው ጀርባ ያለውን ለማየት ዛሬ አንድ ምድብ ጓድ በጀርባ ቦርሳ የሚሸከመው ድሮን ይበቃዋል። ቢወድቅ የሚያለቅስለት እናት የለውም። ሹሜከር በ2004 ይህንን አስቀድሞ አይቶታል፤ ከኮማንቺ ከተረፈው ገንዘብ ለድሮን የሄደ አለ።

አድናቂ፦ አይቶታል ይበሉ። ካይዋን ሲያስወጡም «ሼዶው የሚባለው ድሮን ከአፓቼ ጋር ተጣምሮ ቅኝቱን ይሸፍናል» አሉን። ፋራ በተሰረዘበት በዚያው መግለጫ ሼዶውም ጡረታ እንዲወጣ ተወስኗል። ሄሊኮፕተሩን የተካው ድሮን ከሄሊኮፕተሩ ዕቅድ ጋር በአንድ ቀን ተሸኘ። ታዲያ በመካከሉ የቃኚነቱን ሥራ የተሸከመው ማነው? አፓቼ ነው፤ ለመምታት የተሠራ፣ ከባድ፣ ብዙ ነዳጅ የሚበላ፣ ለማብረር ውድ የሆነ ሄሊኮፕተር። ቆጥበናል ያሉት በየበረራው ሰዓት ሲከፈል ኖሯል።

ተጠራጣሪ፦ የሼዶውን መሰናበት ያነሳኸው እኔን ለመርታት ነው፤ ግን ልዩነቱን ልብ በል። ሼዶው ሲያረጅ ተሸኘ። ድሮን ቶሎ ይሠራል፣ ቶሎ ያረጃል፣ ቶሎ ይተካል። ጠላት በስድስት ወር ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ነገር ነው የሚያስፈልገው። በ1983 የታሰበ ነገር በ2009 ሥራ ጀምሮ እስከ 2040 እንዲያገለግል መመኘት ከዘመኑ ጋር መጣላት ነው።

አድናቂ፦ ድሮኑ ያያል፤ ግን አይፈርድም። የካይዋ ሰዎች ዝቅ ብለው ሲያልፉ ገበያው ዛሬ ለምን ጭር እንዳለ፣ ትናንት የነበሩት ሕፃናት ለምን ከመንገዱ እንደጠፉ ያስተውሉ ነበር። መሬት ላይ ያለው ሻለቃ በሬዲዮ ሲጨነቅ ድምፁን ሰምተው ይገቡለት ነበር። የድሮን ምልክት ደግሞ ይታፈናል፤ ዩክሬን ውስጥ በየቀኑ እየታፈነ ነው። ይህ የቃኚነት ሙያ ከአብራሪ ወደ አብራሪ የሚወረስ ነው፤ መጽሐፍ ላይ አይገኝም። ክፍሎቹ ሲፈርሱ አብሮ ፈረሰ። ሞተሩ ቱርክ ቢደርስም ያንን ሙያ የትኛው ሀገር ወስዶ አቆየልን? ስለ መሐንዲሶቹም ያስቡ። በሃያ አምስት ዓመቱ ኮማንቺ ላይ የጀመረ ወጣት፣ ከዚያ ኤአርኤች፣ ከዚያ ፋራ እያለ ጡረታው ሲደርስ አንድም የሠራው ሄሊኮፕተር ወታደር አሳፍሮ አላየም።

ተጠራጣሪ፦ የመሐንዲሱ ነገር ያሳዝናል። ነገር ግን ጦር መሣሪያ የሚገዛው ለመሐንዲሱ እርካታ አይደለም። እኔ ኮማንቺ አወረሰ የምለው ትልቁ ነገር አንድ ነው፤ ብዙ ከወጣበትም በኋላ ማቆም እንደሚቻል አሳየ። ሰባት ቢሊዮን ያህል ከወጣ በኋላ «ይህን ያህል አውጥተን እንዴት እንተወዋለን?» የማይል ባለሥልጣን ብርቅ ነው። የወጣው ወጥቷል፤ ጥያቄው ገና የሚወጣው ምን ያመጣል የሚለው ነው። ኮማንቺ ቢጨረስ አጠቃላይ ዋጋው ከ39 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይሆን ነበር። ስለዚህ እኔ አንድ ሕግ ይኑር እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ዕቅድ ሲጀመር በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው ዋጋ እንደሚቆም ያኔውኑ ይጻፍ።

አድናቂ፦ የእርስዎ ሕግ ቢኖር አፓቼም አይወለድም ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ዋጋው ከታሰበው በላይ አሻቅቦ ኮንግረስ ውስጥ ብዙ አነጋግሯል። በ1999 አልባንያ በተላከ ጊዜ እንኳ ሁለቱ በልምምድ ላይ ተከስክሰው፣ ሁለት አብራሪዎች ሞተው፣ ወደ ውጊያ ሳይገቡ ነው የተመለሱት። ያን ቀን የመቁረጫ ሕግ ይዞ የሄደ ሰው የአፓቼን ነገር እዚያው ይዘጋው ነበር። እኔ የምፈልገው ሕግ ሌላ ነው። የሚሰርዝ ሰው በሚሰርዝበት ቀን «ከነገ ጠዋት ጀምሮ ይህን ሥራ እገሌ በዚህ መሣሪያ ይሠራዋል» ብሎ ይጻፍ፤ ይፈርምበትም። መጻፍ ካልቻለ አይሰርዝ።

ተጠራጣሪ፦ የአንተ ሕግ ካለ ደግሞ ምንም ነገር አይሰረዝም። የከሸፈ ዕቅድ ሁሉ ምትክ የለውም፤ ምትክ ያልተዘጋጀለት ያ ዕቅድ ገንዘቡን ሁሉ ስለበላው ነው። በ2004 ጽፈህ ፈርም ብትባል ምን ትጽፍ ነበር? ኮማንቺ ይቀጥል፤ ቺኑኮቹ ያለ ሚሳኤል መከላከያ ይብረሩ። የፋሉጃዎቹ 16 ሰዎች ስማቸው ይታወቃል። በዚያ ገንዘብ በተገጠመ መከላከያ ከዚያ በኋላ የተረፉት ግን አይታወቁም፤ በሰላም ስላረፉ ማንም አልቆጠራቸውም።

አድናቂ፦ የእኔዎቹም አይቆጠሩም። በሩ በተነቀለ ሄሊኮፕተር ወጥቶ ያልተመለሰ ቃኚ «በጠላት ተኩስ ሞተ» ተብሎ ይጻፋል እንጂ «በተሰረዘ ዕቅድ ሞተ» ተብሎ አይጻፍም። እርስዎ ስረዛው ያዳናቸውን እንድቆጥር ይጠይቁኛል፤ እኔ ስረዛው ያጋለጣቸውን እንዲቆጥሩ እጠይቅዎታለሁ። ሁለታችንም ዝርዝር የለንም። ጄኔራሉ ግን ሲፈርም የትኛውን ዝርዝር ባዶ እንደሚተው መርጧል።

ተጠራጣሪ፦ ሁልጊዜም ይመረጣል። ልዩነታችን፣ እኔ ዛሬ እየበረረ ያለውን ሰው አስቀድማለሁ፤ አንተ ደግሞ ነገ የሚበረውን።

አድናቂ፦ የነገው ሰው ዛሬ ማንም አይሟገትለትም ጋሼ። በ2004 ነገ የተባለው ወታደር በ2010 አፍጋኒስታን ውስጥ በር በሌለው ሄሊኮፕተር እየበረረ ነበር። በ2024 ደግሞ እንደገና «ነገ» ተብሏል። ለእሱ ምን እንደሚሰጠው ያልወሰነ ጦር፣ የከለከለውንም እንዳልወሰነ ልቆጥርለት አልችልም።